ሠላሳ አራተኛው ዙር

ፑንታ አሬናስ፣ ሐምሌ። ገና ባሥራ አንድ ሰዓት
ቀኑ ተከድኗል እንደ ድስት።
ከሰርጡ ማዶ፣ ከደሴቲቱ ጤና ጣቢያ፣ በጀልባ የመጣ ናሙና፦
አሥራ ሰባት ብልቃጥ፣ አሥራ ሰባት የአፍንጫ ዜና።
ዙኒልዳ ማንሲያ ጓንቷን አጠለቀች፣
እንደ ልማዷ ከላይ ወደ ታች ስሞቹን አነበበች፣
አሥራ አንደኛው ላይ ቀጥ አለች።

ኤሌውቴሪዮ ባሪያ፤ ዕድሜ ስድሳ ሁለት።
የበረዶውን ሣጥን በየሳምንቱ የሚያመጣላት፣
«የሰው ንፍጥ ስጭን አረጀሁልሽ» የሚላት
ጀልበኛው።
ዛሬ ሣጥኑን ያመጣው ሌላ ነው።
እሱ ውስጡ ነው።

እዚያው ደሴቱ ላይ በፈጣኑ ወረቀት ሞክረውታል፤
አንድ መስመር ብቻ። «የለበትም» ብሏል።
ወረቀት የሚሰማው የጮኸውን ነው፤
ላንሾካሾከው ጆሮ ያለው ይኼኛው ማሽን ነው።

ኬሚካሉ የቫይረሱን ልባስ ገፈፈ፣
ኢንዛይሙ የሆዱን ቃል በሌላ ፊደል ጻፈ።
ከዚያ እሳትና ብርድ፤ ሲግል ክሩ ይፈታል፣
ሲበርድ ጥንዱን ያገኛል፣
አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣
እንደ ሐሜት።

ባዶ ውሃ የያዘው ብልቃጥ ዝም ብሏል፤ ደግ አደረገ።
በውሃ ላይ በሐሰት የመሰከረ ማሽን፣ በሰው ላይ ማን ይሰማዋል?

ሃያ ዙር፤ ምንም።
ሠላሳ፤ ምንም።
ኮሪደሩ ላይ የተወችው ሻይ በረደ።
ሠላሳ አራተኛው ላይ መስመሩ ቀና አለ፣
ብርድ ልብስ ሥር እንደሚነሣ ጉልበት።

አለ። ግን ጥቂት ነው፤
ጥቂት ደግሞ ሁለት አፍ አለው፦
ገና በደጅ የሚገባ? ወይስ ወጥቶ የሄደ፣
ፍርስራሹን ጥሎ?
ማሽኑ ፊደል እንጂ ትንፋሽ አይቆጥርም፣
የሞተውንም ያለውንም ባንድ ስም ይጠራል።

ባለፈው መጋቢት፣ እዚህ መስኮት ሥር ቆሞ፣
ሰርጡ ላይ አንዲት ነጥብ አሳይቷት ነበር።
«ትመጣለች ወይስ ትሄዳለች?»
«እንጃ» አለችው።
«እኔም እንጃ፤ አርባ ዓመት በዚህ ውሃ ላይ።
ትንሽ ቆይተሽ ነው፣ ደግመሽ የምታይ።»

ሪፖርቱ ላይ ጻፈች፦ «ተገኝቷል፤ በጥቂቱ።
ሁለተኛ ናሙና ይላክ፣ በጠዋቱ።»
መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ወደቡ ላይ የመዝጊያው ቀይ መብራት በራ።
ጠዋት ማለት እዚህ፣
ነፋሱ ሲፈቅድ ነው።