ሠላሳ ደቂቃ

የፖርቶ ሰው ሲያወራ ጮክ ብሎ ነው፣ ሳይፈራ፤
ስለ ኳስ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ቤት ኪራይ ጣራ።
ከኔ መድኃኒት ቤት ግን፣ ደወሉ ሲያቃጭል ሲከፈት፣
ሳሉን ይዞ የመጣ ይናገራል በኩራት፤
ሆዱን ይዞ የመጣ ይቆማል ከመደርደሪያው ጥግ፣
የጥርስ ቡሩሽ እያየ፣ የማይገዛውን ሲፈልግ።

ዴኦሊንዳም እንዲያ ቆመች፣ አንድ ዝናባማ ኀሙስ፣
ሳሙና እያገላበጠች፣ ወረፋው እስኪያንስ።

የትራም ሹፌር ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሐዲድ ላይ የኖረች፣
ዳገት ስትወጣ፣ ቁልቁል ስትወርድ፣ ዘወትር የቸኮለች።
መጸዳጃው ያለው ከመስመሩ ጫፍ ነው፤
ሠሌዳው ሲወጣ፣ ሹፌር ሆድ እንዳላት ያሰበው ማነው?
«ቆይ» ትለዋለች ሆዷን፣ «ቆይ፣ እስከ ማታ፤»
ሆድም ታዛዥ ሆኖ ቆየ፤ ቆየና ወደቀ በዝምታ።

ያሳፈረን ነገር ሲከብድ፣ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤
ሆድ ግን አልፈጀውም፤ ቆልሎ፣ ደርድሮ አስቀመጠልን።

ሁሉን ሞክራለች፦
ፕሪም በሌሊት ዘፍዝፋ፣ የወይራ ዘይት በማንኪያ፣
ጎረቤቷ ኤርሜሊንዳ ያቀበለቻትን ስም የለሽ ቅጠል፣ ያለ ልክ፣ ያለ መለኪያ።
ውሃውን ጠጥታለች፤ በእግሯ ወርዳለች እስከ ወንዙ አፍ፤
ከእሑድ እስከ እሑድ ግን ሳይከፈት ያ ደጃፍ።

ዶክተር ፊሎሜና ጠየቀቻት፣ ዐይኗን ሳትሰብር፦
«ደም አይተሻል? ከስተሻል? የምትውጪው ሌላ ኪኒን አለ? ንገሪኝ ያለውን ነገር።»
መረመረች፤ አንጀቷ አለመዘጋቱን አየች፤
ከዚያ በኋላ ነው ይችን ወረቀት የጻፈች።

ወረቀቷን አነበብኩ፤ ጠርሙሷን አወጣሁ ከመሳቢያ።
«ሴኞራ፣ ይች እንክብል አይደለችም የፍሬን ማላቀቂያ።
ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ አንዲት ብቻ፣ ከውሃ ጋር፤
ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቂ፣ እህል ወደ አፍሽ ሳይዞር።
አንድ ቀን ብትረሺ፣ በማግስቱ ሁለት አትውጪ፤ ዕዳ አይከፈልም በሆድ።
ጠርሙሱ ውስጥ ያለችውን ከረጢት አትጣያት፤ እርጥበት ናት የምትወስድ።
ተቅማጥ ከበረታ፣ ራስሽ ከዞረ፣ አቁሚና ደውዪ፤
ሆድሽ ተነፍቶ ቆርጦ ከያዘሽም፣ ‹ያልፋል› ብለሽ አትቆዪ።
ልጅ ካለ ደግሞ...» ስላት፣ ሳቀች፤
«ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው!» አለች።
«የልጅ ልጅ ማለቴ ነው።»
ሳቋ ቆመ። «አለ። ዱዋርቴ። ዓመት ከአምስት ወሩ ነው።»
«እንግዲያው ከፍ ካለ ቦታ ትቆለፍ፤ ለአንቺ ውሃ ትቀዳለች፤
ያን ትንሽ ገላ ግን ታደርቃለች።»

ሁለተኛው ሳምንት። ቸኮለች፤ ያው ሹፌር አይደለች?
ሁለቱን አንድ ላይ ዋጠች።
አርባ ሰው ጭና፣ ከወንዙ ዳር መታጠፊያ ላይ፣
ትራሟን አቁማ ሮጠች ወደ ዓሣ ጠባሹ ቤት፣ ቱሪስቱ ሁሉ ሲያይ።
ሰውዬው ሰርዲኑን እያገላበጠ እስካሁን ያወራዋል ለመንደር፤
እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።
ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። ጥቂት ቀን አረፈች፤ ሲፈቀድላት፣ እንደገና አንድ በአንድ።
«ሐዲድ ነው» አልኳት፤ «ስለተቸኮለ አያጥርም መንገድ።»

ለምን አልሳቅሁም? እናቴ ናት።
በዚሁ ባንኮኒ፣ በዚሁ ነጭ ካፖርት፣
አርባ ዓመት ለሰው ሆድ መድኃኒት ስትሰጥ፣ የራሷን ለማንም ሳትነግር፣
ያወቅነው በመጨረሻው ሌሊት፣ በቀዶ ጥገናው በር።

አሁን ዴኦሊንዳ ጠዋት፣ እንክብሏን ውጣ፣
ሠላሳ ደቂቃ ትቀመጣለች መስኮቷ ላይ፣ ጭጋጉ ከወንዙ እስኪወጣ።
በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ፣ ማንንም ሳታደርስ፣
የተቀመጠችው ያኔ ነው፤ ዳቦው ይጠብቃል፣ ቁርስ።

ዛሬ ኀሙስ ነው። አምስት ሰው ቆሟል በሰልፍ።
ገባች፤ ጃንጥላዋን አራገፈች ከደጃፍ፤
ድምጿን ሳትቀንስ፣ እንደ ትራሟ ደወል፦
«ባልታዛር! ወጣልኝ እኮ!» ሰዉ በሙሉ ዘወር አለ... እሷ ሳሙናዋን ትከፍላለች፣ አትል ምንም አትል።

ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ወጣት፣ ቡሩሹን መለሰና፣
መጣ ወደ እኔ፤ ጎንበስ አልኩለት ገና።