የሀዲድ ዘበኛው ማመልከቻ

ለሚመለከተው ክፍል፤
ጉዳዩ፦ የእግር ማለፊያ ስለመጠየቅ።

እኔ ጓንጉል ጫኔ፣ በምድር ባቡር ቤት
ደመወዝ የበላሁ፣ በእግሬ ሠላሳ ዓመት፤
ሥራዬ መራመድ፣
ከለገሃር ተነስቶ ቃሊቲ መውረድ፤
መዶሻ በትከሻ፣ ፋኖስ በግራ እጄ፣
ብሎኑን ሳንኳኳ፣ ጆሮዬን ከብረት አዋድጄ።
የላላው ሲመታ፣ እንደ በሰበሰ ጥርስ ድምፁ ይፈዛል፣
የጠበቀው ግን ይጠራል፤ ደህና ነኝ፣ እለፍ ይላል።
ባቡሩ ሳያልፍ፣ እኔ ነበርኩ ፊተኛ፤
መንገደኛው ሁሉ ተኮራምቶ እንዲተኛ
ከፉርጎው ቀድሞ የሚሄድ፣ ስሙን የማያውቁት ዘበኛ።

ባቡሩ ቆመ።
ለአንድ ሳምንት ነው አሉን፤ ሳምንቱ ዓመት ወለደ፣
ዓመቱ ዝገት ወለደ፣ ዝገቱም ሣር ለመደ።
ቁራሌው መጣ፤
ብሎኖቼን በጆንያ ሞልቶ፣ በኪሎ ሊሸጥ ሲወጣ
ተከትዬ ሮጥኩ፤ አንዱን በአሥር ብር መልሼ ገዛሁ።
አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁ።

ጡረታዬ ወጣ፤ እግሬ ግን ጡረታ አልገባውም፣
ማልዶ ይነሳል፣ አዛዥ የለውም፤
አንድ ተጋዳሚ፣ ሁለት ተጋዳሚ፣ ይቆጥራል የጎደለ፣
እዚህ ማገዶ የሆነ፣ እዚያ ለአጥር የተተከለ።

እስቲ ጎዳናውን እዩልኝ፣ ጌቶቼ፣
በሰባ አራት ዓመቴ፣ ቱቦ ዘልዬ፣ ሚኒባስ ሸሽቼ
ከመስቀል አደባባይ መሿለኪያ ለመድረስ
ስንቴ ልሳቀቅ? ስንቴ ልመለስ?
ለመኪናው መንገድ አለው፤ መንገድ በመንገድ ላይ፣ ባለ ፎቅ መንገድ፣
እግር ብቻ ነው በገዛ ከተማው ይቅርታ እየጠየቀ የሚሄድ።
ሰፈሩን መሿለኪያ ያሉት፣ በሀዲዱ ሥር ስለሚሾለክ ነበር፤
አሁን መሿለኪያ ላይ ቆሞ ማለፊያ የሚያጣውስ፣ በምን ይቆጠር?

ባለፈው ጥቅምት ግን፣ ጧት፣ ውርጩ ሳይለቅ ገና፣
የጎሚስታውን የሙክታርን ልጅ አየኋት፣ ሂክመትን፣ በአባቷ ብስክሌት ላይ ሆና፤
ኮርቻው ደረቷ ድረስ ነው፤ ቆማ ነው የምትነዳ፣
በሁለቱ ብረት መሃል፣ ተጋዳሚው ተነቅሎ ባለቀበት ሜዳ።
«አባባ፣ ባቡር ይመጣል እንዴ?» አለች፣ እጀታውን እንደጨበጠች።
«አይመጣም» የምትል ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።
እንደ ልማዴ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አደረግሁ።
ዝምታ። የዓመታት ዝምታ። ቀና ልል ስል፣ ሰማሁ፦
የብስክሌቷ ጎማ ሀዲዱን ታኮ
ጢርርር ሲል፣ ያ የሞተ ብረት ጠራ እኮ!
ደህና ነኝ፣ እለፍ አለ።

ስለዚህ፣ ባቡሩን መልሱ አላልሁም፤ እሱ በድልድይ ላይ ሌላ መንገድ አግኝቷል፤
ይህን የድሮውን ጀርባ ብቻ አትሽጡት፤ ብዙ ተሸክሟል።
ካሬው ስንት እንደሚያወጣ አትንገሩኝ፤ እኔ በእርምጃ ነው የምለካ፤
ከጣቢያው ጀርባ እስከ ጎተራ፣ ሰው ካላስቆመኝ፣ አራት ሺህ ስድስት መቶ ነው ለካ።
በቆርቆሮ አትጋርዱት፤ ለመኪና ማቆሚያ አትስጡት፤
ሁለቱን ብረት እንዳሉ ተዉና፣ መሃሉን ገረጋንቲ ሙሉት።
ዓይነ ስውሩ አቶ ዘውገ፣ ብረቱን በዱላ እየነኩ
ሪቼ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ማንንም ሳያውኩ።
ነርሷ ከሌሊት ተረኛ ስትመለስ፣ መብራት ይኑር፣ አንድ ሁለት፤
የተረፈ ተጋዳሚ ካለ፣ ወንበር አድርጉት፣ ለደከመ ጉልበት።
ለሂክመት ምንም አትሥሩ። ጠጠሩን ብቻ ልቀሙላት።

ያኔ ልሂድበት ደመወዝ ተቆርጦ ነበር፣ ለአንድ ሰው፤
አሁን ከተማው ሁሉ ይሂድበት፤ እየሄደ ይጠብቀው።

ከሠላምታ ጋር፣
ጓንጉል ጫኔ፣ የሀዲድ ዘበኛ የነበረ።

አባሪ፦ አንድ ብሎን።
ከፋይሉ ጋር ከመያያዙ በፊት
እባክዎ፣ አንዴ ያንኳኩት።