ሐምሳ

ስሟ ስንቅነሽ ሆኖ፣ ስንቁን ረስታ ወጣች፤
ቅርጫቱ ደጅ ላይ ቀርቶ
ፎጣ ብቻ ታቅፋ ጀልባው ላይ ጉብ አለች።
እኔም አልተቆጣሁ። (ውሸቴን ነው፤ ተቆጥቻለሁ፤
እስከ ምጃር ወደብ መብራት አኩርፌ ተቀምጫለሁ።)

የዊስቲን ጀልባ ዓይን አላት፤
ግራና ቀኝ፣ ግንባሯ ላይ። መጀመሪያ የሳለላት
አባቱ ነው፤ አሁን እሱ በየፋሲካው ይኩላታል፣
ጥቁር፣ ነጭ፣ ሰማያዊ እየመረጠ ይቀባታል።
«ለምን?» አልኩት።
«እኔ ስተኛ እሷ ታያለች» አለኝ፤
መሪውን በእግሩ ይዞ፣ እያዛጋ አስፈራኝ።

ባሕሩ ጠዋት ጠዋት ቶሎ ሐሳቡን አይቆርጥም፤
ከገደሉ ሥር የጠርሙስ ስባሪ፣
ራቅ ሲሉ የተደፋ የቀለም ብልቃጥ።
«ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» «ባሐር።»
«ይሄንስ?» ዓይኔን ጠቆምሁ። «አይን።»
«ይሄን?» አናቴን። «ራስ።»
ስንቅነሽ ከት ብላ ሳቀች፤ ኩርፊያዬም አለቀ በዚያው።
«ዘመድ ነና! ምሳ ይጋብዘን እንግዲያው።»

ማርሳልፎርን ገበያው ቆሟል።
ላምፑኪ የሚሉት ዓሣ ወርቁ ሳይደበዝዝ
በረዶ ላይ አፉን ከፍቶ፣ ድመቶች ሥሩ አደግድገው፤
ቲማቲሙ ተሰንጥቆ፣ ጨው ለብሶ የደረቀ፣
በለሱ እሾኹ ተላጭቶ ባልዲ ውስጥ የጠለቀ፣
ሐብሐቡ ጥፍር ሲነካው እየጮኸ የተሰነጠቀ።
ዓይን አዋጅ ሆነብን።

ቼንሳ ግን ከሁሉም ዳር ናት፤ ጥላ ሥር፣ በርጩማ ላይ።
የበግ አይብ ትሸጣለች፣ ክብ፣ መዳፍ የማይሞላ፣
ቁንዶ በርበሬ ላይ ተንከባሎ የጠቆረ፤
ከጎኑ ትኩስ ዳቦ፣ መሐሉ እንደ አምባር የተነደለ።
«ሖብዝ» አለች።
ኅብስት! አልሁ በልቤ፤
ከቅዳሴ ውጭ የት አይቼህ አውቃለሁ አንተን፣
እንዲህ በዱቄት ቆሽሸህ፣ ዝንብ እሽ እየተባለልህ?

ስድስት አይብ፣ አንድ ዳቦ። «ስንት?»
«ሐምሳ» አለች።

ጉድ በል ጎዞ!
ሃምሳ ዩሮ ለአይብ? በጓን ነው ወይ የምትሸጭልኝ
ከነእረኛዋ፣ ከነግጦሿ?
በአማርኛ ተከራከርሁ፣ ደረቴን ነፍቼ፤
ጥዬ ሄድሁ፤ ተመለስሁ፤ ደግሞ ሄድሁ፤ ደግሞ መጣሁ፤
በመጨረሻ ሠላሳ፣ ሦስት ዐሥር ዐሥር አወጣሁ።
«ከዚህ አልጨምርም!»

ቼንሳ ገንዘቡን አየች። እኔን አየች። ስንቅነሽን አየች፤
«ደኅና ነው ወይ ሰውዬሽ?» በሚል ዓይን ጠየቀች።
ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያሳዩት፣
ጨው የሰነጠቀው መዳፏን ዘረጋች፤
«ዊሔት፣ ትኔይን፣ ትሊታ፣ ኤርባ…»
ትንሿን ጣቷን ነካች።
«ሐምሳ።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዓሣ ሻጩ ቢላውን ጣለ፤
ዊስቲን ሆዱን ይዞ ምሰሶ ላይ ተንጠለጠለ።
ሠላሳዬን መለሰች፤ ከቦርሳዬ አንዲት አምስት መዝዛ፣
ምራቂ ስድስት በለስ ጨመረች፣ በጋዜጣ ይዛ።

ራምላ አሸዋው ቀይ ነው፤ የተሰጣ በርበሬ።
መልሕቅ ጣልን። ዊስቲን ዳቦውን በቢላ ፈለቀቀ፣
ቲማቲም አሸበት፣ ዘይት አንቆረቆረ፣
አይቡን በጣቱ ፈረፈረ።
ዘይቱ በክንዳችን ወርዶ ወርዶ
ክርናችን ጋ ሲደርስ ዘለን ባሕር ገባን፤
ወጥተን በላን፤ ደግሞ ገባን፤
ጨዉን ከከንፈራችን ስለምናገኘው ጨው አልጨመርንም።
ስንቅነሽ የበለስ ፍሬ እየተፋች ተንሳፈፈች፣
«ሃምሳ!» እያለች፣ ዐሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣
እኔ ውኃ ውስጥ ራሴን እስክደብቅ።

ስንመለስ ዊስቲን እውነትም ተኛ፤
ጀልባዋ በዓይኗ ሄደች፣ ወይም እኔ እንደዚያ አመንሁ።
ስለ ቃሉ አሰብሁ፦ ከአንድ ቤት የወጣ ነጋዴ መሰለኝ፤
እነዚህ በዋናው ረክተው ተቀመጡ፣
እኛ ዘንድ ሲደርስ ዐሥር እጥፍ አተረፈ።

ቅርጫቱ ደጅ ላይ እንዳለ ነው፣ ክዳኑ ተገልብጦ።
የማረፊያው ድመት ከነልጆቿ
ከስንቃችን መሐል ተኝታለች፣ ጢሟን እየላሰች።
ልጆቿን ቆጠርናቸው፤
ሐምሳ ናቸው።