መጀመሪያ አንተ

የወንጂ ውሃ ነው ጥርሴን ያዛገው፤
በሠርጌ ፎቶ ላይ ከንፈሬ ዝግ ነው።
ሰው ሲያስቀኝ፥ መዳፌ
ቀድሞኝ ይደርሳል ካፌ።

ገመቹ ግን ቃል የለውም፤
አመመኝ ብሎ አያውቅም።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፥ ትከሻዬ ላይ ያደገ፤
ለሚጥለው በሽታ ጠዋት ማታ
ጣፋጭ ሽሮፕ እንግተዋለን።
ሰሞኑን ሌሊት እየተነሣ
ጉንጩን በቡጢ ይመታል።
ጆሮው ነው እላለሁ፤
እናቱ፥ ጥርሱ ነው ትላለች።

ሁለት ክሊኒክ መለሰን፤
«እንዲህ ያለውን አንይዝም» አሉን።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤
ገመቹ ደረጃ ሲያይ ይጮኻል።

ዶክተር ሲፈን ጓንቷን እንዳጠለቀች ወረደች፤
የአዳማ ንፋስ ጋዋኗን እያርገበገበው
ባጃጄ ወለል ላይ፥ አቧራው ላይ ተቀመጠች።
«ክፈት» አላለችውም።
ወደ እኔ ዞረች፦
«መጀመሪያ አንተ።»
«እኔ?»
«አዎ፥ አንተ።»

መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር።
እጄን ከአፌ አነሳሁ፤
እስከ መንጋጋዬ ከፈትኩት፥
አርባ ዓመት የዘጋሁትን በር።

ልጄ ጣቱን ሰደደ፤
ዝገቴን አንድ በአንድ ዳሰሰው።
ሳቀ።
ሲስቅ
ከኋላ፥ ከጥጉ፥ ጥቁሩ ጉድጓድ ታየ።

«ሽሮፑ ነው የበላው» አለች በቀስታ።
እኔ
አፌን መዝጋት ረሳሁ።