ሁለት ጫማ

ሻጩ ዱዌይን ይስቃል፣ ቁልፍ እያንቀጫቀጨ፣
በሳስካችዋን ውርጭ፣ ቦቱን ከቦቱ እያጋጨ።
«ኦረስት» አለኝ፣ «ምረጥ፤ ግቢው እንደምታየው ሙሉ ነው፤
ረጅም ካሶኒ ወይስ ሰፊ ጋቢና? ልብህ የቱ ጋ ነው?»

ልቤስ ምን ቸገረው? ጋራዤ ነው አጭሩ፣
አባቴ ለትንሽ ትራክተር የሠራው፣ ያኔ በደጉ ዘመን በአፍላ ዕድሜው፣ በጥሩ።
ሃያ አንድ ጫማ ነው፣ ጥግ ከጥግ፤ ከዚያ የተረፈ አፍንጫ
በጥር ሌሊት ደጅ ያድራል፣ የነፋስ መቆንጠጫ።

እናም ሒሳቡ ይኸው፦
ወንበር የጨመረ ካሶኒውን ያከስራል፣
ጭነት ያስረዘመ ሰው፣ ሰው ከደጅ ያስቀራል።

ባለ አንድ ጋቢናው አለ፤ ሁለት ሰው፣ ውሻ፣ ቴርሞስ፤
ከኋላው ስምንት ጫማ፣ ለጥ ያለ፣ እስከ ስፖንዳው ድረስ።
ኮምፔርሳቶ አስተኝቼ፣ ስፖንዳውን ገጭ አድርጌ ዘግቼ፣
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርኩ፣ ለምጄ፣ ረክቼ።
አናጢ ነኝ። ጠርዝ ሲያፈነግጥ፣ እንጨት ሲተርፍ አልወድም፤
ጅራቱን አንጠልጥሎ ከተማ የሚገባ ጭነት ከእኔ ጋር አይዛመድም።

መሃለኛም አለ፣ በሩ ግማሽ የሚከፈት፣
ኋላው ታጣፊ ወንበር፣ እንደ መደርደሪያ የሚዘረጉት።
ገብቼ ሞከርኩት። ጉልበቴ አገጬን ሳመው።
«ለልጅ ነው» አለኝ ዱዌይን። የልጅ እግር አያድግም ያለው ማነው?

ነገሩ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ልጄ ኢሪና ሰሜን ናት፣ ማዕድን ካምፕ፣ በአውሮፕላን የሚሄዱበት፤
ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ፣ ይኸው ሆኗል የእሷ ሕይወት።
ዳርካ እኔ ጋ ናት፤ ስድስት ዓመቷ፤ ከምስማሬ የበዛ ጥያቄ አላት፤
«ፊት እንዳታስቀምጣት» ብላኛለች እናቷ፣ በአባቴ አጥንት አስምላኝ፣ ሌሊት።

ማታ ጋራዥ ገባሁ። ጠመኔ፣ ሜትር፣ ክር፤
ሲሚንቶው ላይ ሣልኳቸው፣ አንዱን ካንዱ ላስተያይ በቁጥር።
እዚህ ሞተር፣ እዚህ መሪ፣ እዚህ ካሶኒ፣ እዚህ ስፖንዳ፤
ባለ አራት በር ከነስምንት ጫማው? አልቻለውም ግድግዳ።
አጠፋሁ፤ ደግሜ ሣልኩ፤ ደግሜ አጠፋሁ፤
ጠመኔው አልቆ በጣቴ ስጽፍ ራሴን አገኘሁ።

ዳርካ በፒጃማ መጣች፤ ከኋላው ወንበር ሣጥን ገብታ ተቀመጠች፣
የሌለ በር ከፍታ፣ የሌለ በር ዘግታ፤ «ይኼ የኔ ነው» አለች።
ሰማያዊ ቦቷን አወለቀች፣ በረዶ የነካውን ጫፉን፣
ጎን ለጎን አስቀመጠችው፣ ካሶኒው ላይ፣ መስመሩን አልፎ አፋፉን።

ቆጠርኩ። ስድስት ከስምንት። የሚጎድለኝ ሁለት ጫማ።
ቀና ስል፣ መስመሩ ላይ ሁለት ጫማ፣
ሙቀቱ ገና ያልወጣ፣ በዚያ ጨለማ።

በማግሥቱ ፈረምኩ፤ ባለ አራት በር፣ ካሶኒው አጭር የሆነው።
«ቀለሙስ?» አለኝ ዱዌይን። «ርካሹ የቱ ነው?»

አሁን ኮምፔርሳቶዬ ከስፖንዳው ሁለት ጫማ ያልፋል፤
ገመዱን እኔ አስራለሁ፤ ጫፉ ቀይ ነገር ይፈልጋል።
ጨርቅ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ ዳርካ ጓንቷን አወለቀች፣
የግራውን፣ ቀዩን፤ «ይኸው፣ እሱ ይጠብቅልን» አለች።

በከተማው መሃል አለፍን። ያ ሌላው አናጢ፣ ቴድ ኮቫልቹክ፣
ከደጁ ቆሞ ጅራቴን አየ፤ ኮፍያውን ነካ፤ አላሾፈብኝም፣ ልክ ነው አላለኝም።
በስፖኪዮው አያለሁ፦ ዳርካ መስኮቱን በትንፋሽ ስታደበዝዝ፣
ከእሷ ወዲያ የጓንቷ አምስት ጣት፣ ለማንም ሰላምታ ሲያበዛ፣ ለነፋስ ሲታዘዝ።

«ጊዶ፣ አንዱ እጄ በረደኝ» አለች።
ማሞቂያውን ከፍ አደረግሁ።
እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል፤
ይህንን ዱዌይን አልነገረኝም።