እጀታ ያለው መሬት

"ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ቁፋሮ አልፈቅድም"
አለችኝ እትዬ ስንዱ፣ ቁልፉን ሳልቀበልም።
"እሺ" አልኋት። የጎማ ሰው ነኝ፤ ማረሻም የለኝም።
ደሴ፣ ከሆጤ ቁልቁል፣ ሥራዬ መለጠፍ፣
የሰው ጎማ ነፍቼ የሰው መንገድ ማሳለፍ።

አንድ ቀን ግን ለምሳ ቲማቲም ስከትፍ፣
ዘሩ ጣቴን ይዞ እምቢ አለኝ ባራግፍ።
ጋዜጣ ላይ ጠረግሁት፤ ውሎ አድሮ ደረቀ፤
ከኳስ ውጤት መሐል፣ ሁለት ለባዶ ላይ ተጣበቀ።

ከአደም ሱቅ የዘይት ጣሳ ለምኜ አመጣሁ፤
ጀሪካን በመጋዝ ከወገቡ ቆረጥሁ፤
ምስማር በእሳት አግዬ ታቻቸውን ወጋሁ።
ዕድሜ ልኬን ቀዳዳ ስደፍን የኖርሁትን
ስበሳ ያየኝ አደም፣ "ምን ነክቶህ ነው አሁን?"
አፈር ከጦሳ ግርጌ በጆንያ ተሸክሜ፣
ግማሹ ፈሶ አለቀ፣ በቀዳዳው፣ ከኋላዬ።

የመጀመሪያው ዘር ሞተብኝ፣ ከፍቅሬ ብዛት፤
ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ፣ ሌሊት ደግሞ መነሣት።
አንገቱ ቀጠነ፤ ተኛ፤ በዚያው ቀረ።

ጎረቤቴ ሉባባ፣ ምስር እየለቀመች፣
"ይኸ የጠማው አይደለም፤ ጠጥቶ ነው" አለች።
"ዘር እንደ ወሎ እንግዳ ነው፤ 'ብላ ብላ' ይገድለዋል፤
ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ ጥፍርህ ከራሰ ይበቃዋል።"
ከሻሿ ጫፍ ፈታች የበሶብላ ዘር፣
ጥቁር፣ እንደ ቁንጫ፣ እፍ ቢሉት የሚበር።

አንዱ ጣሳ ለርሱ፣ አንዱ ለድምብላል፤
ጎመን ለጀሪካኑ፣ ሥሩ ይዘረጋል፤
የባጃጁ ጎማ ለአበባ፣ ስሙን ለማላውቀው፤
"ሸጋ ነው" አለኝ እንጂ ሻጩም አላወቀው።

ሰባት ቀን፣ ምንም።
ስምንት። ምንም።
"አፈር ጠባቂው" አሉኝ፤ እኔም አላፈርሁም።

በዘጠኝ፣ ጭጋጉ ከአዝዋ ገደል ሲወጣ፣
አፈሩ ተሰነጠቀ፤ አንዲት ጎባጣ፣
የዘሯን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍታ ብቅ አለች።
ሮጥሁ፤ የደንበኛዬ ጎማ ግማሽ ተነፍታ ቀረች።

አሥር በቅሎ "አሳሳው" ቢሉኝ፣ ሳሳሁለት፤
ነቅዬ፣ የነቀልሁትን በወተት ጣሳ ተከልሁት።
ኅዳር ውርጩ ሲመጣ፣ ሲመሽ አስገባቸዋለሁ፤
በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከጎመን ጋር አድራለሁ፤
እጄ ጎማ ጎማ፣
ትራሴ በሶብላ ይሸታል።

ጥር ላይ ስንዱ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ ቀና ሳትል፣
"ልጄ ከቤሩት መጣች፤ ቤቱን ልቀቅልኝ" ስትል፣
ጋሪ ጠራሁ።
ሰው ርስቱን ጥሎ ነው አገር የሚለቀው፤
የኔ መሬት ግን እጀታ አለው።
አንድ በአንድ፣ በጆሮው ይዤ፣ ጋሪው ላይ ጫንሁት፤
"ጎመን ቤት ለቀቀ!" አሉ ልጆች። ፈረሱም አንድ ቅጠል ቀጠፈ፤ አለፍሁት።

ጣሳዎቹ ከተነሡበት ክብ ክብ ዝገት ቀረ፤
ከአንዱ ክብ መሐል፣ ሲሚንቶው በተሰነጠቀበት፣
በሶብላ በቅሎ ኖሯል፣ ስንዝር የማይሞላ።

ስንዱ ጎንበስ አለች። ቅጠሉን በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው፤
ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወስዳ ቆየች።
ከዚያ እኔን አየችኝ።

እኔ አልቆፈርሁም።