የጎርጎራው ሰውዬ

ከአራዳ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ጎን፣
የማረልኝ ጌም ቤት ነበር፤
መጋረጃው አሮጌ ጆንያ፣ ወንበሩ የቢራ ሣጥን።
አንድ ብር ለዐሥር ደቂቃ፤
ሰዓቱም የማረልኝ ነው፣ ሲሻው ቶሎ የሚያበቃ።

ሰው ሁሉ ኳስ ነው የሚሻው፤ ሰልፉ እስከ መንገድ ይደርሳል፣
«ተራዬን በላ» እያለ አንዱ በሌላው ያለቅሳል።
እኔ ግን ወደ ጥጓ፣ ወደ ሦስተኛዋ ቴሌቪዥን፣
ቀለሟ ወደ አረንጓዴ ወዳጋደለባት ምስኪን።
«ደግሞ ያንን?» ይላል ማረልኝ፣ «ኧረ ተው፣ ኳስ ልክፈትልህ፤
በዚህ ሰውዬ የከሰረ ካንተ ሌላ የለም፣ እግዜር ይማርህ።»

ሲዲው ሽፋን አልነበረው፣ ስሙም በማይነበብ ፊደል፣
ጉንዳን እግሩን ቀለም ነክሮ የተራመደበት ይመስል።
ማሽኑም በወጉ ካስቀመጡት ዝም ነው፤
ገልብጠው፣ እንደ ጨቅላ በሆዱ ሲያስተኙት ነው የሚያነበው።

ከዚያ ይመጣ ነበር እሱ፦
በትከሻው የዓሣ መረብ፣ በወገቡ አጭር ቢላ፤
ሰይፍ የለው፣ ጠመንጃ የለው፣ ፉከራ የለው፣ ሌላ ሌላ።
«መረብ ከያዘማ» አለ ባዘዘው፣ «የጎርጎራ ሰው ነው ይኼ፤
እናቴ ከዚያው ናት፣ አረማመዱን ዐውቀዋለሁ እኔ።»
እንዲያ ሆኖ ቀረ ስሙ።

መረቡን ሲወረውረው ይከፈታል እንደ ጃንጥላ፣
ሦስት ወታደር ጠቅልሎ ይጥላል ከግንቡ ኋላ።
እውነቱን ልናገር እንጂ፣ ዝላዩ ደካማ ነበር፤
ቁልፉን ተጭነህ እስኪነሣ ከዳዊት አንዱ መዝሙር ይደገም ነበር።
ሲወድቅም አይጮህም፤
ባርኔጣው ብቻ ውሃው ላይ ይቀር ነበር።

ግን አንድ ነገር ነበረው፣ ለዚያ ነው የወደድሁት፦
ጆይስቲኩን አስቀምጠህ ዝም ብትለው፣
እስከ ዐሥራ አምስት ብትቆጥርለት፣
ግራ ቀኝ ያያል፤
ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤
ጫማውን ያወልቃል፤
ያራግፈዋል። ጠጠር ጠብ ትላለች።
ይህን ማን አሰበለት? በየትኛው አገር፣ በምን ሌሊት፣
ያን ሁሉ ጦር የዘመተበትን ሰው
«ጠጠርም ይቆረቁረዋል» ብሎ ያዘነለት?
ብሬን ከፍዬ፣ ሳልጫወት፣ ያን እያየሁ አምሽቻለሁ፤
«ገንዘብህን በጠጠር ጨረስህ» ሲሉኝ ሰምቻለሁ።

ከአራተኛው ግንብ አላለፍሁም። ሲዲው ተጭሯል፤
በሩ ገርበብ ሲል፣ ስዕሉ እንደ በረዶ ደርቆ ይቀራል።
በጥርስ ሳሙና አጠብሁት፣ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልሁት፤
ባዘዘው ከቁስቋም ጠበል ቢያመጣ ሳቅሁበት፣
ማንም ሳያይ ግን፣ በጣቴ፣ ነካ አደረግሁት።
በዚያ ላይ መብራት ይሄዳል፤ ሚሞሪ የሚባል የለንም፤
ነገ እንደገና ከወደቡ ነው፣ ዛሬ የደረስንበት አይታወቅም።
ማታ ወደ ቤት ስመለስ፣ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር፣
«ያን ማማ ለመያዝ መረቡ ስንት ክንድ ይሁን?» ብዬ እለካ ነበር።

አሁን እዚያ ቤት የሞባይል ሽፋን ይሸጣል።
ባዘዘው በአዘዞ መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤
ጋቢና ተቀምጬ ጠየቅሁት፣ «የጎርጎራውን ሰውዬ ታስታውሳለህ?»
«የትኛው? ኳሱን ነው የምትለው?» አለኝ፣ ማርሽ እየቀየረ።
ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፣ አላልሁትም።
ሒሳብም አልተቀበለኝ።

እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ሥራዬ ዳገት ነው።
ባለፈው ማክሰኞ፣ ቁስቋም መውጫ ላይ፣ ውሻ የበዛበት ሰፈር፣
መዝገቤን ብብቴ ሥር አድርጌ፣
ግራ ቀኝ አየሁ፤
ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤
ጫማዬን አወለቅሁ፤
አራገፍሁት።
ጆይስቲኩን የሚያነሣው ሰው እስኪመጣ
ትንሽ ቆየሁ።